ከገመድ የተፈታ ውሻ፣ ትንንሽ ልጆችና አያት፦ መላው ቤተሰብ ወደ ውሻ ፓርክ ከመሄዱ በፊት

ጥያቄ፦ «ከሲያትል በስተ ምሥራቅ፣ ኖርዝ ቤንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር እኖራለሁ። ልጆቹ የ9 እና የ4 ዓመት ናቸው። ከአንድ ወር በፊት ከእንስሳት መጠለያ ዓመት ተኩል የሆነው፣ 27 ኪሎ የሚመዝን ዲቃላ ውሻ ወሰድን። ቤት ውስጥ ጸባዩ ግሩም ነው፤ በገመድ ይዘነው ስንወጣ ግን ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር እየጮኸ ይጎትተናል። ጎረቤቶቻችን ውሾች ከገመድ ተፈትተው ወደሚሮጡበት ፓርክ ብንወስደው እንደሚላመድ ይነግሩናል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እስከ ኅዳር አብራን ትቆያለች፤ ውሻ በጣም ትፈራለች፣ የእብድ ውሻ በሽታም ያሳስባታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳችንን ቋጥረን ሁላችንም ሜሪሙር ፓርክ ብንውል እንዴት ያዩታል? እናቴስ እዚያ ውሾቹን እያየች ፍርሃቷን ትተወው ይሆን?»

ምላሽ፦ መላው ቤተሰብ ምሳ ቋጥሮ፣ ገና አንድ ወር የሆነውን ውሻ ይዞ፣ ቅዳሜ ቀን ወደ ሜሪሙር መሄዱን አልመክርም። በዕቅድዎ ውስጥ ያሉት ነገሮች ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም መፍትሔ አላቸው፤ ውሻውን ማላመድ፣ ልጆቹን ማዝናናት፣ የእናትዎንም ፍርሃት ማቅለል ይቻላል። ሦስቱን በአንድ ቀን፣ ጸባያቸው በማይታወቅ በርካታ ውሾች መካከል ለመፈጸም መሞከር ግን ሦስቱንም ያበላሻል።

የጎረቤቶችዎ ምክር ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ነው። የውሻ ፓርክ ከሌሎች ውሾች ጋር መግባባትን አስቀድሞ ለተማረ ውሻ መፈንጫ የሚሆን ቦታ እንጂ ላልተማረው ትምህርት ቤት አይደለም። ውሻ የራሱን ዘር፣ ሰውንና አካባቢውን ያለ ፍርሃት መቀበልን በዋናነት የሚማረው ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ የእርስዎ ውሻ ይህን ጊዜ ያሳለፈው ከማን ጋር እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ በኋላም መማር አይቆምም፤ ነገር ግን የሚማረው በዝግታ፣ ከሚያስፈራው ነገር በቂ ርቀት ላይ ሆኖ፣ ለመልካም ጠባዩ እየተሸለመ ነው። የፓርክ በር ላይ አምስትና ስድስት ውሾች ተሽቀዳድመው ሲከቡት ርቀትም ዝግታም አይኖርም። በዚያች ቅጽበት የደነገጠ ውሻ የሚማረው «ውሾች ደጎች ናቸው» የሚለውን ሳይሆን «ቀድሜ ካልጮኽኩ፣ ቀድሜም ካልነከስኩ መውጫ የለኝም» የሚለውን ነው፤ ይህን ትምህርት ከውሻ አእምሮ ማውጣት ደግሞ ከማስገባቱ እጅግ የከበደ ሥራ ነው። በዚህ ላይ ውሻዎ ያለበት ዕድሜ፣ ማለትም ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለው፣ ብዙ ውሾች ጓደኛ መምረጥ የሚጀምሩበት ነው። በቡችላነቱ ከሁሉም ጋር ይጫወት የነበረ ውሻ እንኳ በዚህ ዕድሜ አንዳንዱን ሊጠላ ይችላል፤ ይህ የጤነኛ ውሻ ብስለት እንጂ ጉድለት አይደለም።

በገመድ ተይዞ ሌላ ውሻ ላይ መጮኹ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላል። አንዱ መጫወት እየፈለገ ገመዱ ስለሚከለክለው የሚሰማው ብስጭት ነው፤ ሌላው ፍርሃት ነው፣ መሸሽ ስለማይችል ሌላውን ለማባረር ይጮኻል። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ የሚፈልጉት እርምጃ ግን ተቃራኒ ነው። ለመለየት የሚረዳዎት አንድ የሚያውቁትን፣ ረጋ ያለ፣ በዕድሜ የበሰለ የጎረቤት ውሻ ማግኘት ነው። ሁለቱን ውሾች ሁለት ሰዎች ይዘዋቸው፣ በሰፊ ቦታ፣ በመካከላቸው ሃያና ሠላሳ ሜትር ትተው፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ ይራመዱ፤ ርቀቱንም በየቀኑ ትንሽ በትንሹ ያጥብቡ። ሰውነቱ ልል ሆኖ፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ እያደረገ ለጨዋታ የሚጋብዝ ከሆነ ተስፋ አለው። ሰውነቱ ከደረቀ፣ አፉን ከዘጋ፣ የዓይኑ ነጭ እስኪታይ አፍጥጦ ከቀረ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ከሸጎጠ ወይም ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ ግን ለፓርክ ዝግጁ አይደለም፤ ምናልባትም መቼም ላይሆን ይችላል። ይህን እንደ ክፉ ዕጣ አይውሰዱት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሻ ፓርክ ሳይረግጡ በጤናና በደስታ የሚኖሩ ውሾች ብዙ ናቸው። ጩኸቱ ከጥቂት ሳምንታት ልምምድ በኋላ ካልቀነሰ፣ ቅጣትንና አንገት የሚያንቅ ሰንሰለትን የማይጠቀም የውሻ አሠልጣኝ ይፈልጉ።

ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ሲጠራ መምጣት ነው። ከገመድ በተፈታ ውሻ ላይ በእጅዎ የሚቀረው ብቸኛ መቆጣጠሪያ ድምፅዎ ነው። 10 ሜትር ገደማ የሚረዝም የማሠልጠኛ ገመድ ይግዙ፤ ከመያዣው ውስጥ እየተጠቀለለ የሚገባውና የሚወጣው ዓይነት ለዚህ አይሆንም፣ ጣትም ይቆርጣል። ስሙን ጠርተው በመጣ ቁጥር የሚወደውን ቁራሽ ሥጋ ይስጡት፣ ከዚያም ወደ ነበረበት ይልቀቁት፤ መጠራት ሁልጊዜ የጨዋታ ማብቂያ ከሆነ መምጣቱን ይተዋል። መለኪያው ባዶ ሜዳ ላይ መምጣቱ ሳይሆን ከሌላ ውሻ ጋር ጨዋታ ይዞ ሳለ ሲጠሩት ትቶ መምጣቱ ነው።

ወደ ቦታው ልመለስ። ሬድመንድ የሚገኘው የሜሪሙር የውሻ ሜዳ ለተዘጋጀ ውሻ በእውነት ድንቅ ስፍራ ነው፤ 16 ሄክታር ገደማ ስፋት አለው፣ ሜዳና የእግር መንገድ አለው፣ ውሾች ወደ ሳማሚሽ ወንዝ ገብተው የሚዋኙባቸው ቦታዎችም አሉት። ለጀማሪ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ስፋቱ ነው፤ ውሻዎ ከዓይንዎ ርቆ ምን እያደረገ እንዳለ ማወቅ ያቅትዎታል፣ የወንዙም ዳር ክፍት ነው። ከኖርዝ ቤንድ ግማሽ ሰዓት የሚያልፍ መንገድ ከነዱ በኋላ ደግሞ፣ ውሻው ደስ ሳይለው ቢቀር እንኳ «ከመጣን አይቀር» ብለው የመቆየት ፈተና አለ፤ ጉዳት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በዚያ ትርፍ ሰዓት ውስጥ ነው። ለእርስዎ የሚሻለው በቅርብዎ፣ ስኖኳልሚ ውስጥ በማውንት ሳይ ግርጌ የሚገኘው የስሪ ፎርክስ የውሻ ፓርክ ነው፤ የታጠረ ነው፣ በመኪናም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚወስድ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ መመለስ አያስቆጭም። ከአጥሩ ውጭ ባለው ሜዳ ላይ ግን ውሻውን አይፍቱት። በሸለቆው ኤልክ የተባሉት ትልልቅ አጋዘኖች በመንጋ ይሰማራሉ፤ ውሻ አጋዘንን እንዲያሳድድ መፍቀድ በዋሽንግተን ግዛት ሕግ የተከለከለ ነው፣ የኤልክ እርግጫም ውሻን ይገድላል።

ወደ ሜሪሙር ወይም ከስኖኳልሚ ፏፏቴ በታች ወዳሉት ወንዞች ስትወርዱ ከሁሉ በላይ እንዲጠነቀቁት የምፈልገው ከሌላ አገር የመጣ ሰው ጨርሶ የማይጠረጥረውን ጥሬ ሳልመንን ነው። በመጸው ወራት ሳልመን እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዞቹ ሲወጣ የሞቱ ዓሦች በዳርቻው ይጋደማሉ። በዓሣው ሥጋ ውስጥ አንዲት ጥቃቅን ጥገኛ ትል ትኖራለች፤ በትሏ ውስጥ ደግሞ ኒዮሪኬትሲያ የተባለ ባክቴሪያ ይኖራል። ውሻ ከዓሣው ትንሽ ቢበላ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ውስጥ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥና የንፍፊት እብጠት ይታይበታል፤ ሕክምና ካላገኘ እስከ 90 በመቶ በሚሆን ዕድል ይሞታል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ዶክሲሳይክሊን በመሳሰለ ፀረ ባክቴሪያና በፀረ ትል መድኃኒት ይድናል። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ውሻዎን ከወንዝ ዳር ያርቁ፤ ዓሣ በልቶ ከሆነ ወይም ከተጠራጠሩ፣ የሕመም ምልክት ሳይጠብቁ ለሐኪም ይንገሩ። በአሜሪካው በጋ መጨረሻ፣ ነሐሴ ገደማ ደግሞ ሐይቆች ላይ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ንጣፍ ከታየ ውሻም ልጅም እንዳይገባ፤ አንዳንዱ አልጌ ውሻን በሰዓታት ውስጥ የሚገድል መርዝ አለው።

የቀሩት በሽታዎች በክትባትና በንጽሕና የሚያዙ ናቸው። ውሾችን የሚገድሉት የቫይረስ በሽታዎች፣ የፓርቮና የዲስቴምፐር ክትባቱ መሟላቱን ከመጠለያው በተሰጠዎት ወረቀት ያረጋግጡ። የሳል ክትባቱን ካልወሰደ ይውሰድ። የሌፕቶስፓይሮሲስ ክትባት ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ልዩነት ይሰጥና በየዓመቱ ይደገማል፤ በአይጥና በዱር እንስሳት ሽንት በተበከለ ኩሬ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ከውሻ ወደ ሰው ስለሚያልፍ፣ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት እንዲዘለል አልፈቅድም። የውሻ ወስፋት እንቁላልም በአፈር ውስጥ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ለልጆች አደገኛ ይሆናል፤ ዓይነ ምድሩን ወዲያው ማንሳት፣ ለውሻው የትል መድኃኒት መስጠትና የልጆችን እጅ በሳሙና ማስታጠብ ይበቃል።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ የእናትዎ ስጋት ከእውነት የተነሣ ነውና በፈገግታ አይለፉት። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው በአመዛኙ በውሻ ንክሻ ነው፤ በእርሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው በበሽታው የሞተ ወይም ሆዱ ላይ ለብዙ ቀናት መርፌ የተወጋ ሰው ማወቁ የተለመደ ነው። ዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ ግን ከውሻ ወደ ውሻ የሚዛመተው የቫይረሱ ዓይነት መጥፋቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታውጇል፤ በዋሽንግተን ግዛት በሽታውን ይዞ የሚገኘው የዱር እንስሳ የሌሊት ወፍ ብቻ ነው፣ ውሾችም እንዲከተቡ ሕግ ያስገድዳል። ይህን በእርጋታ፣ የውሻውን የክትባት ምስክር ወረቀት እያሳዩ ያስረዷቸው። መሬት ላይ የወደቀ የሌሊት ወፍ ካገኛችሁ ማንም በእጁ አይንካው፤ ውሻው በአፉ ከያዘውም ለሐኪም ይንገሩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እናትዎ ወደ አጥሩ ውስጥ እንዲገቡ አልመክርም፤ ምክንያቴ በሽታው ሳይሆን አጥንታቸው ነው። እየተሳደዱ የሚሮጡ 30 ኪሎ ውሾች ፊታቸውን አያዩም፣ የቆመ ሰው ጉልበት ላይ ይጋጫሉ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ሲወድቅ ዳሌው ሊሰበር ይችላል፣ ለጉብኝት የመጣ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጤና መድን የለውም። ሌላም የማይታሰብ ነገር አለ። እኛ አገር ውሻ ሲመጣ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ማለት ውሻውን ያባርረዋል፤ እዚህ ግን ኳስ ሊወረወርለት መስሎት አንዱ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉት ሁሉ ወደ እርሳቸው ይሮጣሉ። የሚወዛወዝ የነጠላ ጫፍም ለውሻ የጨዋታ ግብዣ ነው። የፈራ ሰውን በሚፈራው ነገር መካከል ማቆም ፍርሃቱን አያስለቅቀውም፣ ያጸናዋል። ፍርሃታቸው የሚቀለው ቤት ውስጥ ነው፤ እርሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ውሻው በገመድ ተይዞ ወይም ከልጆች መከላከያ በር ማዶ ሆኖ፣ ሲፈልጉ ብቻ ቁራሽ ምግብ ከሩቅ ይወርውሩለት። እንዲነኩት ማንም አይገፋፋቸው። ውሳኔው በእጃቸው እንዳለ ሲያውቁ ብዙ አረጋውያን በራሳቸው ጊዜ ይቀርቡታል፤ ባይቀርቡትም ምንም አይደለም።

ልጆቹን በተመለከተ ሁለቱን ለይተን ማየት አለብን። የ4 ዓመቱ ልጅ ወደ ውሻ ፓርክ መግባት የለበትም፤ ፊቱ ከትልቅ ውሻ አፍ ጋር ትክክል ነው፣ ሲደሰት ይጮኻል፣ ሲፈራ ይሮጣል፣ ሁለቱም ውሻን ያስነሣሉ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ሲነከሱ ጉዳቱ የሚደርሰው በአመዛኙ ራሳቸውና ፊታቸው ላይ ነው፤ የብዙዎቹ ነካሾችም የሚያውቋቸው ውሾች ስለሆኑ ይህ ማስጠንቀቂያ ለቤታችሁ ውሻም ይሠራል፣ ሲበላና ሲተኛ አይንኩት። የ9 ዓመቱ ልጅ ከጥቂት ጸጥተኛ ጉብኝቶች በኋላ አብሮ ሊገባ ይችላል፤ ግን አንድ ትልቅ ሰው ውሻውን ብቻ፣ ሌላ ትልቅ ሰው ልጁን ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ነው። አለመሮጥን፣ የሰው ውሻ አለማቀፍን፣ ያልታወቀ ውሻ ሲቀርበው እጆቹን ሰብስቦ፣ መሬት መሬት እያየ ጸጥ ብሎ መቆምን አስቀድሞ ቤት ውስጥ ይለማመድ። በአንዳንድ ፓርኮች ለልጆች ዕድሜ ገደብ ስላለ በበሩ ላይ ያለውን ደንብ ማንበብ አይርሱ።

ምሳውን ይተዉት። ምግብ በውሾች መካከል ለሚነሣ ጠብ ዋነኛ ምክንያት ነው፤ ለልጅ የተሰጠ ዳቦ ደግሞ ውሻውንም ልጁንም አንድ ቦታ ላይ ያገናኛል። ውሻው ሲጠራ ለመጣበት የሚሰጠው ቁራሽም ሌሎች ውሾች ሲርቁ ብቻ ይሁን።

ወደ ፓርክ ስትገቡ በሩ ላይ የተከማቹ ውሾች ካሉ እስኪበተኑ ጠብቁ። በሩ ድርብ ከሆነ በሁለቱ በሮች መካከል ገመዱን ፍቱት፤ የታሰረ ውሻ በተፈቱት መካከል ሲቆም መሸሽ እንደማይችል ስለሚያውቅ ይጨነቃል። ከገባችሁ በኋላ አንድ ቦታ ቆማችሁ ወሬ አትያዙ፣ ተራመዱ፤ ውሻው እናንተን መከተልን ይለምዳል። ደኅና ጨዋታ ተራ አለው፤ አንዱ ሲያሳድድ ቆይቶ ይሳደዳል፣ በየመካከሉም ያርፋሉ። ሁልጊዜ ተሳዳጁ አንድ ብቻ ከሆነ አሳዳጁን ለጥቂት ሰከንድ ያዙት፤ ሲሳደድ የነበረው ተመልሶ ካልመጣ ጨዋታ አልነበረም። ጠብ ከተነሣ እጃችሁን ወደ አንገታቸው አትስደዱ፣ ብዙ ባለቤቶች የሚነከሱት በራሳቸው ውሻ ነው። ከፍ ባለ ድምፅ ወይም በውሃ ለዩአቸው፤ ካልሆነ ሁለት ሰዎች የየውሻውን የኋላ እግሮች ከላይ ይዘው ወደ ኋላ ይጎትቱ።

የሕጉንም ነገር ማወቅ አለብዎት። በዋሽንግተን ግዛት ውሻ በሕዝብ ቦታ ሰው ከነከሰ፣ ከዚያ በፊት ነክሶ ባያውቅ እንኳ ባለቤቱ ለጉዳቱ ተጠያቂ ነው፤ የቤት መድንዎ የውሻ ንክሻን ይሸፍን እንደሆነ አሁኑኑ ይጠይቁ። የኪንግ ካውንቲ የቤት እንስሳ ፈቃድም ያስፈልገዋል።

እንግዲህ የምመክርዎት ይህ ነው። ለመጪዎቹ ሁለት ወራት ወደ ማንኛውም የውሻ ፓርክ አይግቡ፤ ከመጠለያ የወጣ ውሻ እውነተኛ ጠባዩን ለማሳየት ሳምንታትና ወራት ይወስድበታል። በእነዚህ ወራት ጎን ለጎን የመራመዱንና ሲጠራ የመምጣቱን ልምምድ ይሥሩ። ከዚያ ፈተናውን ካለፈ፣ እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ብቻችሁን፣ በሥራ ቀን ማለዳ፣ ወደ ስሪ ፎርክስ ወስዳችሁ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ሞክሩት፤ ገና ደስ እያለው ሳለ አውጡት። ሜሪሙር ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።

ቤተሰቡ በአንድነት የሚውልበትን ቀን ግን ማስቀረት አያስፈልግም። ከተማችሁን አቋርጦ የሚያልፈው የስኖኳልሚ ቫሊ መሄጃ የድሮ የባቡር ሐዲድ መስመር ስለነበረ ሜዳማ ነው፤ ውሻው በአጭር ገመድ ተይዞ ከፊት፣ እናትዎና ልጆቹ ጥቂት ሜትሮች ከኋላ ሆነው መንሸራሸር ይችላሉ። ውሻው ተፈትቶ ሲሮጥ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ በሰዓት የሚከራዩ የታጠሩ የግል ግቢዎች አሉ፤ ስኒፍስፖት በተባለው መተግበሪያ ፈልጎ መከራየት ይቻላል። እዚያ ሌላ ውሻ አይኖርም፣ እናትዎም ከአጥሩ ውጭ ወይም መኪና ውስጥ ተቀምጠው ማየት ይችላሉ። አጥሩ ውሻው ሊዘለው የማይችል ቁመት ያለው መሆኑንና ከሥሩ ክፍተት አለመኖሩን ልጆቹን ከመኪና ከማውረድዎ በፊት ራስዎ ዞረው ይመልከቱ።